የ1ኬዲ ኳኳታና አንዲት የመዳብ ሮንዴላ

የሃይሉክሴ የጠዋት ኳኳታ ጠፋ። ደስታዬን ብታዩ ልጅ የዳርኩ ይመስላችኋል። ለዚህ ነው ዛሬ የምጽፈው። ዲፎርዲ የሚባለውን የቶዮታ ናፍጣ ሞተር የምትነዱ ብዙ ስለሆናችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ።

መካኒክ አይደለሁም። ካዛንቺስ ቢሮ ውዬ የምገባ፣ ቅዳሜ ሲመጣ ግን ጥፍሬ ሥር ዘይት የማይጠፋ ሰው ነኝ። አጀማመሬን አላረዝመውም። ዘይት መቀየር፣ ፊልትሮ መቀየር፣ የፍሬን ሸራ፣ ባትሪ። ይሄን ማንም ትንሽ ትዕግሥት ያለው ሰው ይለምደዋል። ቁም ነገሩ የሚጀምረው ሞተሩ መናገር ሲጀምርና እናንተ ቋንቋውን ሳታውቁት ስትቀሩ ነው።

መጀመሪያ ሞተሩን እናስተዋውቅ። 1ኬዲ የቶዮታ ባለ 4 ሲሊንደር ቱርቦ ናፍጣ ሞተር ነው። 2,982 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 96 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ምልልስ 103 ሚሊ ሜትር። እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ ፕራዶና ሃይሉክስ ላይ ረጅም ዘመን ሠርቷል። ታናሽ ወንድሙ 2ኬዲ 2,494 ሲሲ ነው። ሃይስ ላይ የምታገኙት ብዙውን ጊዜ እሱን ነው። ከ2015 ጀምሮ ቦታቸውን የጂዲ ሞተሮች ወስደዋል። ሁለቱም ኬዲዎች ኮመን ሬይል ናቸው። ፖምፓው ናፍጣውን ጨምቆ አንድ የጋራ ቧንቧ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጩትን ኖዝሎች በኤሌክትሪክ ይከፍታል። ግፊቱ ሞተሩ በኃይል ሲሠራ ከ1,300 ባር ያልፋል። ጎማችሁ ውስጥ ያለው ከ2 ባር ብዙም እንደማይበልጥ አስቡና አወዳድሩት።

ለአዲስ አበባ ሰው ቱርቦ ቅንጦት አይደለም። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለውን የድሮውን የቶዮታ ናፍጣ 5ኤል የነዳ ሰው ከለገሃር በቸርችል ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲወጣ ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ቱርቦው የጎደለውን አየር ገፍቶ ይሞላል። ግን በነፃ አይደለም። ከታች ካሉ ከተሞች የበለጠ ይሽከረከራል፤ ስለዚህ ዘይቱ ንጹሕ መሆን አለበት። ይቺን «ዘይቱ» የምትል ቃል ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ኳኳታው። ጠዋት ስትነሳ ብረት በብረት የሚመታ ዓይነት ድምፅ ታሰማለች። ሲሞቅ ይጠፋል። አንድ ጋራዥ ስወስዳት «ናፍጣው ነው» አሉኝ። ሌላው «አራቱንም ኖዝል ቀይር» አለ። ሦስተኛው ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ሞተሩ ይወርዳል» አለ። እንግዲህ ሦስት ሐኪም ሦስት በሽታ ሲነግርህ መድኃኒት መግዛት የለብህም። ምርመራ ነው የሚያስፈልግህ።

ከሁሉም የሚሻለውን ያገኘሁት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከሚሠሩ አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ ነው። መጀመሪያ ግን ተጣልተናል። ሞተሩ እየሠራ የኖዝሉን ቱቦ ሊያላሉ ቁልፍ ይዘው መጡ። በድሮዎቹ ናፍጣዎች እንደዚያ ነበር የሚደረገው፤ አንዱን ቱቦ ታላላለህ፣ ድምፁ ካልተለወጠ የታመመው እሱ ነው።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይተዉት። ይሄ ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ እንኳ 300 ባር አካባቢ ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ናፍጣ ስፈታ አንተ አልተወለድክም።»

«አውቃለሁ። ግን ይሄ ቆዳ በስቶ ይገባል።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ቁልፉን አስቀምጠው ረጅም ካቻቢቴ አነሱ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አንድ በአንድ አዳመጡ። «ሦስተኛው ነው» አሉኝ። ኮመን ሬይል ላይ እየሠራ ቱቦ ማላላት ፈጽሞ ክልክል ነው፣ በዚህ አልደራደርም። ናፍጣው በዚያ ግፊት ሲወጣ በዓይን የማይታይ ቀጭን ጅረት ሆኖ እጅ ይበሳል፤ የተወጋ ሰው ቁስሉ ቢያንስም በቀጥታ ሆስፒታል ነው የሚሄደው። የሰውየው ጆሮ ግን ኮምፒውተር ነበር። ይሄንንም መመስከር አለብኝ።

ምክንያቱም በኋላ ላፕቶፕ ሳገናኝ ያሳየኝ ያንኑ ነው። እዚህ ላይ የምወደውን መሣሪያ ላሞግስ። ቴክስትሪም የሚባለው የቶዮታ መመርመሪያ ፕሮግራም ውስጥ ለእያንዳንዱ ኖዝል የማስተካከያ ቁጥር አለ። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ኮምፒውተሩ አራቱን ሲሊንደሮች እኩል ለማስኬድ ለአንዱ ናፍጣ ይጨምራል፣ ከሌላው ይቀንሳል። ቁጥሩ ፕላስ ከሆነ ሲሊንደሩ ደክሟል፣ እየተጨመረለት ነው። ማይነስ ከሆነ ኖዝሉ ከሚገባው በላይ ያፈሳል፣ እየተቀነሰበት ነው። ከማይነስ 3 እስከ ፕላስ 3 ያለው ይታለፋል። የእኔ ሦስተኛ ከማይነስ 3 አልፎ ወርዷል። ኳኳታው የመጣው ኖዝሉ ሲያፈስ ነው ማለት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሮጦ ኖዝል ይገዛል። እኔ ግን በመጀመሪያ ማቀያየርን አምናለሁ። ሦስተኛውን አንደኛ ቦታ አደረግኩት፣ አንደኛውን ሦስተኛ። ኖዝሎቹ ላይ የታተመውን ረጅም ኮድም አብሬ ቀየርኩ፤ ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ኖዝል ጠባይ የሚያውቀው በዚያ ኮድ ነው። አዲስ ኖዝል ገጥሞ ኮዱን ሳያስገባ «ጨርሻለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ገና አልጨረሰም በሉት። መጥፎው ቁጥር ኖዝሉን ተከትሎ አንደኛ ላይ ታየ። ጥፋቱ የኖዝሉ ነው፣ የሲሊንደሩ አይደለም። ሞተር ማውረድ የለም!

ግን ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ሦስተኛውን ኖዝል ሳወጣው ከሥሩ ያለችው የመዳብ ሮንዴላ፣ ማለትም ትንሿ ማሸጊያ ቀለበት፣ በአንድ በኩል ጠቁራ ነበር። ከሮንዴላዋ ወደ ላይ የጥላሸት መንገድ ተሥሏል። የዚህ ሞተር ትልቁ በሽታ ይሄ ነው፤ ከቱርቦም ከፖምፓም የባሰ። ሮንዴላዋ ሲሊንደሩን ትዘጋለች። ስትሳሳ የተቃጠለው ጋዝ በጎኗ ያመልጣል። በሌሎች ብዙ ሞተሮች ላይ ቢሆን ውጭ ወጥቶ ጭስ ጭስ ሲል ትሰማው ነበር። ኬዲ ላይ ግን የኖዝሉ አንገት በቴስታታው (በሞተሩ ራስ) ክዳን ውስጥ ስለሚያልፍ ጋዙ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ዘይቱ ላይ። ዘይቱ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፤ ጥላሸቱ ይጋገርና ታች ኮፓው (የዘይቱ ገንዳ) ውስጥ ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍነዋል። ከዚያ የዘይት ግፊት ይወርዳል። ቱርቦው ይሄዳል፣ ኮሎው (የክራንክ ዘንጉ) ይበላል፣ ሞተሩ ነክሶ ይቆማል። ባለቤቱ ደግሞ «ዘይት በሰዓቱ እቀይር ነበር» እያለ ይምላል። እውነቱን ነው፤ ይቀይር ነበር።

ስለዚህ ኮፓውን አወረድኩት። ከሥር ያለችው ትንሿ ክዳን ስትወርድ ወንፊቱ ይታያል። ግማሽ ያህሉ ከሰል የሚመስል ቅርፊት ለብሷል። ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው «ይቺ መኪና ትወድሃለች» አሉኝ።

ሦስተኛው ኖዝል ፖምፓና ኖዝል ብቻ የሚሠራ ቤት ሄዶ በማሽን ተለክቶ ጫፉ ተቀየረ። ይሄን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። የውስጡ ክፍተት በማይክሮን የሚለካ ነው፣ የጨርቅ ቃጫ እንኳ ያበላሸዋል። ሮንዴላዎቹን ግን አራቱንም በአዲስ ለወጥኩ። አሮጌ ሮንዴላ በእሳት አግሎ መመለስ የሚባል ነገር አለ፤ ለድሮው ሞተር ይሁን፣ ለዚህ አይሆንም። መቀመጫውንም ካርቦኑን ሳትፈቅፍቁ አዲስ ብታስቀምጡ ዋጋ የለውም። አሁን አራቱም ቁጥሮች በማይነስ 1 እና በፕላስ 1 መሐል ናቸው።

ሶማሌ ተራ ስትገዙ ሮንዴላዋን እንደ ትንሽ ነገር አትዩአት። ካርቶኑ ኦሪጅናል ይመስላል፣ ውስጡ ሌላ ነው። እኔ የድሮዋን ይዤ ሄጄ በካሊፐር ውፍረቷን አወዳድራለሁ። ሻጮቹ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። ያገለገለ ኖዝል ግን በስንት ብር ቢሰጧችሁ አትግዙ። ዋጋ አልጽፍም፤ ሳምንት ሳይሞላው ይለወጣል።

ሌላውን በአጭሩ። የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ በሃይላንድ ፕላስቲክ ተቀበሉትና አስቀምጡት። ውኃ ካለ ታች ይተኛል። በተለይ ማደያው ሰልፍ ሆኖ ከጀሪካን ከቀዳችሁ በኋላ ይህን ማድረግ ግዴታ ነው። ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ካለና እግራችሁን ስታነሱ ሞተሩ ከጠፋ፣ ፖምፓው ላይ ያለውን የናፍጣ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ጠርጥሩ። በቤንዚን አጥበው የሚመልሱ አሉ። ለሳምንት ይሠራል፣ ከዚያ መልሶ ያንኑ ነው። ቱርቦው ደግሞ ሜክሲኮና ስታዲየም መሐል መጨናነቅ ብቻ ካየ ቅጠሎቹ በጥላሸት ይያዛሉ። አንዳንዴ የአዳማውን ፈጣን መንገድ ያሳዩት። ለሚስቴ የምሰጠው ምክንያት ይሄ ነው፣ ግማሹ እውነት ነው።

ኢጂአሩን፣ ማለትም የተቃጠለውን ጭስ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ቫልቭ፣ ዝጋ የሚሉም አሉ። ጥላሸት ወደ አየር ማስገቢያው የሚመልሰው እሱ መሆኑ እውነት ነው። የከተማውን አየር የሚያቆሽሸው ጭስም እኛው ነን። እኔ ዘግቼዋለሁም አልልም፣ አልዘጋሁትምም አልልም።

ቀጥሎ ያለብኝ የታይሚንግ ቺንጊያ ነው፤ የፒስቶኑንና የቫልቮላዎቹን እንቅስቃሴ የሚያገናኘው ቀበቶ። በ150,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፣ ዳሽቦርዱ ላይም መብራት አለው። መብራቱ ሲበራ ቺንጊያውን ሳይቀይሩ መብራቱን ብቻ የሚያጠፉ ሻጮች ስላሉ፣ ያገለገለ ኬዲ የገዛችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ ቺንጊያውን በዓይናችሁ እዩ። ከተበጠሰ ፒስቶኑ ቫልቮላዎቹን ይመታል። ይሄን ሥራ ራሴ አልነካውም፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ለጋሼ ነው የምሰጠው። ቺንጊያውን ከነመወጠሪያው ኦሪጅናል የሚሸጥ እምነት ያለው ቤት የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።