አባ ሰንጋን ለይቶ የሚያወጣው ቫይረስ

በሬ ጠዋት ሲጋጥ ውሎ ማታ ድንገት ሲወድቅ፣ ሆዱ ተነፍቶ ከአፍንጫው የማይረጋ ጥቁር ደም ሲወጣ፣ የጎጃም ገበሬ አባ ሰንጋ (አንትራክስ የሚባለው በሽታ) መሆኑን ይጠረጥራል። ቢጠረጥርም ሥጋውን እንዳለ መቅበር አንጀቱን ይቆርጠዋል። ደጀን አካባቢ አንድ አባት «ልጄ፣ እርግጡን ንገሪኝ፤ ከነቆዳው እቀብረዋለሁ» ብለውኛል። በእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ስሠራ ከዚህ የከበደ ጥያቄ አልገጠመኝም።

ሬሳው ትኩስ ከሆነ መልሱ ይገኛል። ከጆሮው ደም ወስደን ስላይድ ላይ እናሰጣለን፣ በሜቲሊን ብሉ እናቀልማለን። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሰማያዊ በትር የመሰሉት ባክቴሪያዎች ዙሪያቸውን ሮዝ ሽፋን ለብሰው ይደረደራሉ። ሬሳው ካደረ ግን ሽፋኑ ይጠፋል፣ የብስባሽ ባክቴሪያም ይቀላቀላል። ያኔ ናሙናው ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ ሄዶ መብቀል አለበት። ሲበቅልም ባሲለስ ሴሬየስ የተባለው የአፈር ባክቴሪያ በጣም ስለሚመስለው ዓይን ይሳሳታል።

እዚህ ላይ ነው ጋማ ፌጅ የሚገባው። ፌጅ ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቃ ቫይረስ ነው፤ ይሄኛው አባ ሰንጋን ለመለየት እንደሚያገለግል በ1955 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ባክቴሪያው በተዘራበት ሳህን ላይ አንድ ጠብታ ያኖሩና ያሳድሩታል። ባክቴሪያው ሳህኑን እንደ ግራጫ ምንጣፍ ሲሸፍነው፣ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ብቻ ጥርት ብሎ ባዶ ከሆነ አባ ሰንጋ ነው። ፌጁ ውስጡ ገብቶ ተራብቶ ባክቴሪያውን አፈንድቶታል። ከጥቂት የሴሬየስ ዝርያዎች በቀር ሌላውን አይነካም።

እኔን ይበልጥ ያጓጓኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ተመራማሪዎች የጋማ ዘመድ በሆነ ፌጅ ውስጥ ከሚያበራ የባሕር ባክቴሪያ የተወሰዱ ጂኖች አስገብተዋል። ፌጁ አባ ሰንጋን ሲያገኝ ባክቴሪያው ራሱ ብርሃን ይሰጣል፤ መሣሪያ ደግሞ ብርሃኑን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያነበዋል። የሚያበራውም በሕይወት ያለው ብቻ ነው። ፒሲአር የተባለው የዲኤንኤ ምርመራ ግን የሞተውን ባክቴሪያ ዲኤንኤም ይቆጥራል። ይህ ዓይነት ምርመራ ወረዳ ድረስ ቢወርድ፣ ሥጋው ለጎረቤት ሳይከፋፈል መልስ እንሰጥ ነበር።

እስከዚያው አደራ፣ ድንገት የሞተ ከብት አይገፈፍ፣ አይታረድ። ደሙ አየር ሲያገኝ ባክቴሪያው ስፖር፣ ማለትም በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሎ የሚተኛ ዘር መሰል ነገር፣ ይሠራል፤ ስፖሩም አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ፣ ከብቶቻችሁንም በየዓመቱ አስከትቡ።