ሁለቱ ምስሎች ሲገጥሙ

አጎቴ ካሜራውን ከቁም ሳጥን የሚያወጣው በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ነበር። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ዘመድ ከአዲስ አበባ ሲመጣ። ዞርኪ 4ኬ ይባላል። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ሲመለስ ይዞት የመጣ ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ዓይኔ ላይ አደረገልኝ። «መሃሉ ላይ ሁለት ጀበና ይታይሃል?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ሌንሱን ቀስ ብለህ አዙር። ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ገጠመ ማለት ነው። ያኔ ጫን።»

ያቺን «ገጠመ» የምትል ቃል መልሼ ያገኘኋት ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቼ ነው።

ሥራዬ ፎቶ ነው። እዚሁ ጅማ ሠርግ፣ ኒካህ፣ ክርስትና፣ ምርቃት አነሳለሁ። ለዓመታት የሠራሁበት ዲኤስኤልአር፣ በሌንሱ በኩል የሚታይበት ትልቁ ዲጂታል ካሜራ፣ ከ70-200 የሩቅ ማንሻ ሌንሱ ጋር ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ቅሬታ የለኝም፣ እንጀራ አብልቶኛል። ያጣሁት ሌላ ነገር ነው። ሥራ በሌለኝ ቀን ካሜራ መያዝ ትቼ ነበር። ሐሙስ ገበያ እሄዳለሁ፣ ቦርሳዬን ግን አልከፍትም። ያንን የሚያክል ሌንስ ሳወጣ ሰው ይለወጣል። የሚጫወተው ዝም ይላል። የምትሸጠው ነጠላዋን ታስተካክላለች። አንዳንዱ «ለየትኛው ቴሌቪዥን ነው?» ይለኛል። እኔ የምፈልገው ደግሞ ከመለወጡ በፊት ያለውን ሰው ነው።

አንድ የክረምት ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የአጎቴን ዞርኪ ላጸዳ አወጣሁት። ፊልም የለውም። ዝም ብዬ በመስኮቱ ወደ አምፖሉ አየሁ። ሁለት አምፖል። ሌንሱን አዞርኩ፣ ገጠመ። ደስታው ሰውነቴን ወረረኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ሳጋጥም አመሸሁ።

በፊልም እንዳልሠራበት የማውቃቸው ፎቶ ቤቶች ሁሉ ፊልም ማጠብ ካቆሙ ቆይተዋል። ስለዚህ ዲጂታሉን መፈለግ ጀመርኩ።

እንዲህ ያለው ካሜራ ሬንጅፋይንደር ይባላል፣ ርቀት ለኪ እንደማለት ነው። ፊቱ ላይ ሁለት መስኮቶች አሉት። ላይካ በሚባለው የጀርመን ኩባንያ ኤም ካሜራዎች ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 7 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ልክ እንደ ሁለት ዓይኖቻችን አንዱን ነገር ከሁለት አቅጣጫ ያያሉ። የሁለተኛው መስኮት ምስል በመጀመሪያው መሃል ላይ፣ አንዲት ትንሽ ብሩህ አራት ማዕዘን ውስጥ ይደረባል። ሌንሱን ስታዞሩት ካሜራው ውስጥ ያለች ክንድ ትገፋለች፣ ክንዷም የተደረበውን ምስል ወደ ጎን ታንቀሳቅሰዋለች። ሁለቱ ሲገጥሙ ርቀቱ ተለካ፣ ሌንሱም ልኩ ላይ ነው ማለት ነው። ሞተር የለ፣ ኮምፒውተር የለ። ዓይንና ጣት ብቻ።

በዲጂታል የመጀመሪያው የኤፕሰን አርዲ1 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ። 6 ሜጋፒክስል ነው። ፊልም ባይኖረውም እንደ ድሮው በአውራ ጣት እየሳቡ የሚያቀባብሉት ማንሻ ነበረው። ላይካ ኤም8 በ2006 ተከተለ፣ 10 ሜጋፒክስል። እሱ ማንሻ የለውም፣ ሻተሩን፣ ብርሃን የሚያስገባውን መጋረጃ፣ የሚያቀባብለው በሞተር ነው። የኤም ካሜራዎች የሌንስ መግጠሚያ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ያው ነው። በጥርስ የሚጠመዘዙት የድሮ ሌንሶች ደግሞ በአንዲት ቀጭን ቀለበት ይገጥማሉ። የአጎቴ ዞርኪ ላይ ያለው ጁፒተር 8 ሌንስ ከነዚህ አንዱ ነው። ይህን ሳውቅ ልቤ ቆረጠ።

አዲሶቹ የምችላቸው አይደሉም። 70-200ውን እና ሁለተኛውን ካሜራዬን ሸጥኩ። የአንድ ዓመት የምርቃት ሰሞን ገንዘብ ጨመርኩበት። ጀርመን ያለች የአክስቴ ልጅ ያገለገለ ኤም8 አገኘችልኝ፣ ከአንድ 35 ሚሊ ሜትር የቮይትላንደር ሌንስ ጋር። ቦሌ ሄጄ ተቀበልኳትና ሁለቱንም ይዤ ጅማ ገባሁ። ሁለቱ ተደምረው 1 ኪሎ አይሞሉም።

የመጀመሪያው ጠዋት አልተሳካም። አዌቱ ወንዝ ዳር ወርጄ ደጋግሜ አነሳሁ፣ ሁሉም ጥቁር ሆኖ ወጣ። የሌንሱን ክዳን አልከፈትኩም ነበር። በዲኤስኤልአር ይህ አይደርስም፣ የምታዩት በሌንሱ በኩል ስለሆነ ክዳኑ ካለ ጨለማ ነው። ሬንጅፋይንደር ላይ ግን መስኮቱ ሁልጊዜ ብሩህ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት ስወጣ ክዳኑን ቤት ትቼው እሄዳለሁ።

ግን ደግሞ ትልቁ ደስታ የሚመጣው ከዚያው መስኮት ነው። ዲኤስኤልአር ሲያነሳ ውስጡ ያለው መስታወት ብድግ ስለሚል ለቅጽበት ምንም አይታይም። ያነሳችሁትን ቅጽበት ራሷን አላያችኋትም ማለት ነው። እዚህ መስታወት የለም። ሻተሩ ሲከፈትም ታያላችሁ። የፎቶው ዳር በቀጭን ብርሃናማ መስመር ይታያል፣ ከመስመሩ ውጭ ያለውም ይታያል። ባጃጁ ከግራ ሲመጣ፣ ልጁ ኳሱን ተከትሎ ሲሮጥ፣ ፍሬሙ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት አውቃለሁ። እንደ በር ላይ ቆሞ መንገድ ማየት ነው።

መስመሩን ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ኤም8 ላይ መስመሮቹ የተለኩት ለ70 ሳንቲ ሜትር ርቀት ነው። ከ2 ሜትር በላይ ላለ ነገር ፎቶው ከመስመሩ ሰፋ ብሎ ይወጣል። ወር ያህል ሁሉም ፎቶዬ ጠርዙ ላይ የማልፈልገው ነገር ነበረበት። አሁን ራቅ ላለ ነገር አንድ እርምጃ እቀርባለሁ።

ከዚያ የአባያው ነገር መጣ። በዒድ ማግስት ጎረቤታችን ልጆቿን አሰልፋ ቆመች። በጣም ያማረ ፎቶ ነበር፣ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን ጥቁር አባያዋ ወይን ጠጅ ሆኗል። የልጆቿ ጫማ ጥቁር፣ አባያው ወይን ጠጅ! ካሜራው የተበላሸ መስሎኝ ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። የታወቀ ጠባይ ኖሯል። ሴንሰሩ፣ በፊልም ቦታ ብርሃኑን የሚቀበለው፣ ፊቱ ላይ ያለው መስታወት በጣም ቀጭን ነው፣ ብርሃን ከሌንሱ በሰያፍ ሲገባ ጠርዙ እንዳይደበዝዝ ሲባል። በዚያ ቅጥነቱ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ በደንብ አያጣራም። ጥቁር ሰው ሠራሽ ጨርቅ ደግሞ ኢንፍራሬድን ይመልሳል። ካሜራው ሲወጣ ነገሩ ታወቀና ኩባንያው ለገዢዎች ሁለት ሁለት ማጣሪያ በነፃ ሰጥቶ ነበር። የእኔ ያገለገለ ስለሆነ ያለ ማጣሪያ ነው የመጣው። ከመግዛቴ በፊት ማንበብ ነበረብኝ። ጅማ ውስጥ ጥቁር አባያ የሌለበት ፎቶ ማንሳት አይቻልም።

ማጣሪያው እስኪመጣ ድረስ በጥቁርና ነጭ ሠራሁ። እነዚያን ሳምንታት አልረሳቸውም። ኢንፍራሬዱ ቀለም ላይ ችግር የነበረው ያህል ጥቁርና ነጭ ላይ ጌጥ ሆነ። የቡናው ቅጠል ነጣ ብሎ ይወጣል፣ የሰው ፊት ይለሰልሳል። ወደ ጅረን ሽቅብ ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እንጨት ሰገነት አነሳሁ። ስንት ጊዜ በቀለም አንስቼዋለሁ፣ የእንጨቱን ቅርጽ ግን ያን ቀን ገና ያየሁት መሰለኝ። ማጣሪያው ከመጣ በኋላም ለቡና ማሳ አወልቀዋለሁ።

ለሐሙስ ገበያ ደግሞ ፎከስ ማድረግ ራሱ አያስፈልግም። ሌንሱ ላይ የርቀት ቁጥሮች ተቀርጸዋል። ብሌኑን፣ የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፣ 8 ላይ፣ ርቀቱን 3 ሜትር ላይ ሳደርግ ከ2 እስከ 5 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ሌንሱ ላይ ያለው መስመር ከዚህ ሰፋ ያለ ርቀት ያሳያል፣ ግን የተሰላው ለፊልም ነው። የኤም8 ሴንሰር ከፊልም ስለሚያንስ 8 ላይ ሆኜ የ5.6ን ምልክት ነው የምከተለው። ይህን ሳላውቅ ብዙ ፎቶ ጥርት ሳይል ቀርቶብኛል። አሁን 3 ሜትር እግሬ ያውቀዋል። ካሜራውን ደረቴ ላይ ይዤ እየተጫወትኩ እሄዳለሁ፣ ሲመጣ አነሳለሁ።

በርጩማ የሚፈለፍሉ አንድ ሐጂ አሉ። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ያወጡታል። በድሮው ካሜራዬ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ መሮውን አስቀምጠው ቀጥ ብለው ቆመውልኛል። በዚህኛው ስሄድ ትክ ብለው አዩት።

«ይቺ ፊልም ትበላለች?»

«አይ ሐጂ፣ እንደ ሌላው ናት፣ በካርድ ነው።»

«ታዲያ ምነው የድሮ ሰው ዕቃ መሰለች?»

ሳቅን። እሳቸው ሥራቸውን ቀጠሉ፣ እኔም አነሳሁ። ስለ እንጨቱ እያወሩኝ ነበር፣ ወሬውን አላቋረጡም። በኋላ «ዛሬ ለምን እንደ ቀድሞው አልቆሙልኝም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ያኛው ፊትህን ይሸፍነው ነበር፣ አሁን ዓይንህ ይታየኛላ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መስኮቱ ካሜራው ግራ ጥግ ላይ ስለሆነ በቀኝ ዓይኔ ሳይ ግራ ዓይኔና ግማሽ ፊቴ ክፍት ነው። ብዙ ስለዚህ ካሜራ አንብቤያለሁ፣ እንደ ሐጂ የነገረኝ የለም። ሱቃቸው ጨለማ ነው፣ ካሜራው ደግሞ አይኤስኦውን፣ ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ ከ640 በላይ ሳሳልፈው ፎቶው ይሻክራል። ግን ብድግ የሚል መስታወት ስለሌለው ትንፋሼን ይዤ በ1/15 ሰከንድ አነሳሁ፣ እጃቸው ላይ ያለው ፍርፋሪ እንጨት እንኳ ይቆጠራል።

በቡና ለቀማ ወቅት አጋሮ ሄጄ ነበር። እሸቱ ቀልቶ፣ ጀንፈሉ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አነሳሁ። ስመለስ ግማሹ ጥርት አላለም። ሚኒባሱ ውስጥ ካሜራው እግሬ ሥር ሲናጥ ኖሮ ርቀት ለኪው ትንሽ ዝንፍ ብሏል። ሌንሱን ማለቂያ የሌለው ርቀት ላይ አድርጌ በሰፈራችን ያለውን ሚናራ ጫፍ ሳይ፣ ሁለት ጫፍ። ሌንሱ ሲወልቅ የምትታየው የክንዷ ጎማ ላይ ቡሎን አለች፣ በቀጭን ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ትዞራለች። የጸጉር ያህል ነው የምትዞረው። አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጀብኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት ከቤት ስወጣ መጀመሪያ ሚናራውን አያለሁ። አምስት ሰከንድ ነው። ካሜራውም መኪና ውስጥ ጭኔ ላይ እንጂ ወለል ላይ አይቀመጥም።

የአጎቴ ጁፒተርም ጠባይ አለው። ቅርብ ላይ፣ ብሌኑን እስከ 2 ከፍቼ፣ መስኮቱ ገጠመ ሲለኝ ፎቶው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይስታል። 4 ላይ ሳደርገው ይስተካከላል። ራቅ ሲል ምንም አይልም። ኤም8 ላይ 50 ሚሊ ሜትሩ እንደ 67 ያህል ስለሚሆን ለፊት ፎቶ እንዴት ይመቻል!

ሁሉን ይችላል አልልም። ከ70 ሳንቲ ሜትር በታች ስለማይጠጋ ቀለበት በቅርብ አይነሳበትም። ዝናብ አይችልም፣ በጅማ ክረምት ፌስታል ከቦርሳዬ አይጠፋም። ማታ አዳራሽ ውስጥ ሙሽሮች ሲገቡ የማነሳው አሁንም ባስቀረሁት ዲኤስኤልአር ነው። ጠዋቱን ግን፣ ሙሽራዋ ስትኳኳል፣ እናቷ በር ሥር ቆማ እንባዋን ስትጠርግ፣ ያንን በኤም8 ነው። ደንበኞቼም ለአልበም ሲመርጡ መጀመሪያ የሚያነሱት የጠዋቱን ሆኗል።

ባለፈው ፋሲካ ካሜራውን ከነጁፒተሩ ለአጎቴ ሰጠሁት። ዓይኑ ደክሟል። እናቴ ረከቦቱ ፊት ተቀምጣ አቦሉን ልትቀዳ ጀበናውን አንስታለች። «እትዬ፣ ቆይ እንዳትቀጂ» አላትና ሌንሱን ቀስ ብሎ አዞረ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። እሷም ጀበናውን እንደያዘች ጠበቀችው።

«ገጠመ» አለ፣ ጫነ።

ከዚያ አውራ ጣቱ ከካሜራው ጀርባ ወደ ቀኝ ሄዶ ማንሻውን ፈለገ፣ ቀጣዩን ፊልም ሊስብ።