የሱቅ ኪራይ ጠብ ይዞ የመጣ ደንበኛን እንዴት እንደማናግር

አዲስ አበባ ውስጥ ጠበቃ ነኝ፣ ከሚመጡልኝ ጉዳዮች ብዙዎቹ የንግድ ቤት ኪራይ ናቸው። በቅርቡ ካፌ ያላቸው አንዲት እናት መጡና ገና ሳይቀመጡ "ልጄ፣ አውጥቶ ሊጥለኝ ነው" አሉኝ። ከአከራያቸው በ30 ቀን ይልቀቁ የሚል ደብዳቤ ደርሷቸው ነው።

መጀመሪያ ላይ አላቋርጥም፣ ምሬቱ ይውጣ። ከሚነግሩኝ ግማሹ ፍርድ ቤት ሲደርስ ምንም አይሰራም ግን አከራዩ ፊቱን መቼ እንዳዞረ ከዛ ውስጥ ነው የሚገኘው። እዚህም የኮሪደር ልማቱ መንገዱን ካሳመረው በኋላ ነው ሰውየው ጭማሪ ጭማሪ ማለት የጀመረው።

ከዛ ውሉን ሳላይ "በወር ከእጅዎ ስንት ብር ይወጣል?" ብዬ እጠይቃለሁ፣ ውሉ ጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋ ሰው ወረቀቱን ነው የሚያነብልህ። ዝም አሉ፣ ቆይተው "ውሉ ላይ ያለውን ነው ወይስ የምከፍለውን?" አሉኝ። ያው የታወቀ ነገር ነው፣ አከራዩ ግብር እንዲቀንስለት ውልና ማስረጃ የሚሄደው ላይ ትንሽ ይጻፋል ቀሪው በእጅ ይሰጣል። ስለዚህ ይሄን ጥያቄ ከማንሳቴ በፊት የነገሩኝ ነገር ከኔ እንደማይወጣ፣ የጥብቅና አዋጁም (1249/2013) ምስጢር ጠብቅ እንደሚለኝ እነግራቸዋለሁ። እንዲህ ካልተባለ ማን ይናገራል? እኔ ደግሞ ከሌላኛው ወገን ጠበቃ አፍ መስማት አልፈልግም፣ ምክንያቱም ጽሁፍ ላይ የሰፈረን ነገር በሰው ምስክር ማፍረስ ከባድ ነው።

ከዛ በኋላ ብሩን መከተል ነው። በባንክ ነው በእጅ? በማን አካውንት? እሳቸው የተወሰነውን በአከራዩ ወንድም አካውንት ነበር የሚያስገቡት፣ ቴሌግራም ላይ ደግሞ "ደርሶኛል" የሚል መልስ አለ፣ እሱ ወርቅ ነው። ወንድምየው ሲነሳ ውሉን የፈረመውም እሱ መሆኑ ወጣ፣ እንግዲህ ካርታው በማን ስም ነው፣ ውክልናው ማከራየትና ውል ማቋረጥ ይላል ወይ የሚለው መጣ።

የውሉ ጊዜ ካለቀ ቆይቷል ግን አከራዩ ኪራይ ይቀበል ነበር። ይሄ ሲሆን ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል፣ ደስ ይላል፣ ግን ላልተወሰነ ጊዜ የሆነ ውል በማስጠንቀቂያ ሊቋረጥም ይችላል፣ ይሄን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። "መንግስት ጭማሪ ከልክሏል አይደል እንዴ?" አሉ፣ ሁሉም ይሄን ይጠይቃል፣ አዋጅ 1320/2016 እኮ የመኖሪያ ቤት ነው፣ ካፌ አይነካውም።

እኔ በጣም የምወደው ጥያቄ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ "ምን እንዲሆንልዎ ይፈልጋሉ?" የሚለው። ልጃቸው ክስ ክስ ሲል ነበር፣ እሳቸው ግን ከሰውየው ጋር መካሰሱን አልፈለጉትም፣ ለፊኒሺንግ ያወጡት ብር እንዲመለስላቸውና ሌላ ቦታ እስኪያገኙ ጥቂት ወር እንዲታገሱላቸው ነው። ስለዚህ የሴራሚኩንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ደረሰኝ ፈልገው እንዲያመጡ ነግሬያቸው ለአከራዩ የድርድር ደብዳቤ ማርቀቅ ጀመርኩ።