የእማ ስልክ

እማ ፊደል አልቆጠረችም። ስልኳ ሲጮህ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ስም ለእሷ ጌጥ ነው። ስለዚህ አምና የፋሲካ ሰሞን አዘዞ ቤቷ ቁጭ ብዬ፣ ማን እንደደወለ በጆሮዋ እንድታውቅ ለየሰዉ የየራሱን የጥሪ ድምፅ አደረግሁላት።

የታላቅ ወንድሜ አላስቸገረኝም፤ ባጃጅ ነጂ ነው፣ የባጃጁን ጡሩምባ ቀዳሁለት። ለአክስቴ እልልታ። ለንስሐ አባቷ በጥምቀት ዕለት ፋሲለደስ መዋኛ የቀዳሁትን ከበሮና ጸናጽል ላደርግ ስል እማ ቆጣ አለች፦ «አንተ ልጅ፣ ሽንት ቤት ሳለሁ ቢመታስ?» እውነቷን ነው። ለእሳቸው ከስልኩ ጋር የመጣ የወፍ ጩኸት ደረሳቸው። እስካሁን አልነገርናቸውም።

የኔን ራሷ መረጠች። «ላንተ ሙቀጫ ይሁን፤ ቡና ሲሸትህ አይደል የምትመጣው?» እሷ ስትወቅጥ እኔ ቀዳሁ። ግን የስልኳ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ወፍራም ድምፅ አይወጣለትም፤ የእንጨቱ ድም ድም ጠፍቶ አቧራ የሚራገፍ መሰለ። ከጎረቤት የብረት ሙቀጫ ከነዘነዘናው ተዋስንና እንደገና ቀዳን። ቀጭ ቀጭ የሚለው ጓዳ ድረስ ተሰማ። ርዝመቱ 20 ሰከንድ ይበቃል፤ ቁም ነገሩ አጀማመሩ ነው፣ ሰው ስልክ የሚያነሳው ገና በመጀመሪያው ነውና። እኔ ደግሞ አጀማመሩን ሳልቆርጥ ረስቼው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ በደወልኩ ቁጥር መጀመሪያ የጎረቤት ዶሮ፣ ቀጥሎ የራሴ «በይ ጀምሪ» ሲጮህባት ከረመ።

ቤይሩት ያለችው እህቴ ብቻ ቀረች። የምትደውለው በካርድ ስለሆነ ቁጥሯ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይወጣም። ድምፅ የሚሰጠው ደግሞ ለተመዘገበ ቁጥር ነው። ስለዚህ የእሷ ጥሪ የሚመጣው ኖኪያው ከፋብሪካ ይዞት በወጣው ዜማ ነው። ያ ዜማ ፍራንሲስኮ ታሬጋ የሚባል የስፔን ጊታር ተጫዋች በ1902 እ.ኤ.አ. ከደረሰው ቫልስ የተወሰደ ነው። እማ ግን «የእህትህ» ነው የምትለው። ሲጮህ ምጣድ ላይ እንጀራ ጥላ ትሮጣለች። ግማሹን ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ነው።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤት ልጅ ዘፈን ላስጭንበት ብሎ ሚሞሪዋን አውጥቶ ወሰደ። የቀዳኋቸው ድምፆች ያሉት እሱ ላይ ነበር። ስልኩ ፋይሉን ሲያጣ ወደ ፋብሪካው ዜማ ይመለሳል፤ እናም ሁለት ቀን ሙሉ የደወለው ሁሉ ከቤይሩት ሆነ። እኔም ይህን ሳላውቅ ደወልኩ። እያለከለከች አነሳችው።

«የኔ እናት! ደህና ነሽ ልጄ?»

«እማ፣ እኔ ነኝ።»

ዝም አለች። ከዚያ «አይ… አንተ ነህ እንዴ» አለች፣ ደስ ሊላት እየሞከረች።

እሁድ ሄጄ ድምፆቹን ሁሉ ስልኩ ራሱ ላይ ገለበጥኳቸው። የእህቴንም ነገር አነሳሁባት፤ በአንድ ቁጥር ብቻ እንድትደውል ብንነግራት የራሷ ድምፅ ይኖራት ነበር። እማ ረከቦቱን እያቀረበች ሰማችኝ።

«ተወው፣ ባገኘችው ትደውል» አለች። «ተሳሳትኩም አልተሳሳትኩም፣ እኔ እንደሁ መሮጤ ነው።»