የራሱን ስም ያጠፋ ሽቶ

ሽቶ ለመሸጥ የሚነሳ ሰው ስለ መዓዛው የሚመክረው አያጣም። ስለ ስቲከሩ ግን የነገረኝ አልነበረም። ይህን የምጽፈው ገና ማተሚያ ቤት ላልሄደ ሰው ነው።

ቀላሉን ላስቀድም። ጠርሙሱ 50 ሚሊ ሊትር፣ አፉ 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ልክ የተለመደ ስለሆነ ፓምፕና ክዳን ማግኘት አይቸግርም። ፓምፑን በእጅ መጭመቂያ አጥብቄ አሰርኩ። የፓምፑን ቱቦ ጫፍ በሰያፍ ቆረጥኩ፤ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ከጠርሙሱ ወለል ጋር ይገጥምና መሳብ ያቆማል። ጠርሙሱን እስከ አንገቱ አትሙሉ። 50 ሚሊ ሊትር አልኮል ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሲሞቅ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ይጨምራል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ያ ትርፍ ቦታ ካጣ በፓምፑ ዙሪያ ይወጣል፤ ወጥቶ የሚወርደውም ስቲከሩ ላይ ነው።

ጣጣው እዚህ ይጀምራል። ያሳተምኩት በወረቀት ስቲከር ላይ ነበር፣ ክሬም ቀለም ያለው፣ ሲዳሰስ ሸካራ፣ የሚያምር። ማተሚያ ቤቱ «ላሚኔት ስለሚደረግ ውሃ አይነካውም» አለኝ፤ ላሚኔት ማድረግ ከላይ ስስ ፕላስቲክ መለበጥ ነው። ስለ ውሃ እውነቱን ነው። ሽቶ ግን ውሃ አይደለም። አብዛኛው አልኮል፣ የተረፈው ደግሞ ዘይት ነው፤ አንዱ ቀለም ይፈታል፣ ሌላው ሙጫ ያለሰልሳል። ላሚኔሽኑ ደግሞ የሚሸፍነው ፊቱን ብቻ ነው፤ የተቆረጠው ጠርዝ ክፍት ነው። ከአንገቱ የወረደች አንዲት ጠብታ በላይኛው ጠርዝ ትገባለች፣ ወረቀቱም እንደ ኩራዝ ክር ይስባታል። ጥቁሩ ጽሑፍ መጀመሪያ ዳር ዳሩ ሐምራዊ ሆነ፣ ከዚያ ተዘረጋጋ። አልኮሉ ተንኖ ሲያልቅ ዘይቱ ይቀራል፤ ወረቀቱ ላይ ቅቤ የነካው የሚመስል ቢጫ ጥላ ይተዋል፣ እሱን የሚያስለቅቅ ነገር የለም። በመጨረሻ ሙጫው ላልቶ ስቲከሩ በመስታወቱ ላይ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ። ስሙን የጻፍኩት ከላይ ስለነበር ከሁሉ በፊት የጠፋው ስሙ ነው።

ማተሚያ ቤቱን አሁንም አልማርኩትም። ሆኖም ናሙናውን በደረቅ ጣቴ አሽቼ «ግሩም ነው፣ አትሙ» ያልኩት እኔ ነኝ።

አሁን ሦስት ናሙና ሳልፈትን ምንም አላሳትምም። ናሙናዎቹን እውነተኛው ጠርሙስ ላይ እለጥፍና ሙጫው እንዲይዝ 24 ሰዓት እተዋቸዋለሁ። ከዚያ በላይኛው ጠርዝ አምስት ጠብታ አንጠባጥባለሁ፣ የማንጠባጥበውም ራሱ የምሸጠውን ሽቶ ነው። በንጹህ አልኮል መፈተን ያታልላል፤ አልኮሉ ቶሎ ይተንና ስቲከሩ ያለፈ ይመስላል፣ ሙጫውን የሚጥለው ግን ዘይቱ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ በጥጥ ሃያ ጊዜ አሻለሁ። ይህን ሦስት ቀን እደግመዋለሁ። ጥጡ ቀለም ከያዘ ወይም ጠርዙ በጥፍር ከተነሳ አይሆንም።

ያለፈልኝ የፕላስቲክ ስቲከር ነው፣ እሱም ከላይ ላሚኔት ተደርጎ፣ ጽሑፉ ከጠርዙ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ፣ ስቲከሩም ከጠርሙሱ ትከሻ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ። የወረቀቱ ሸካራነት ከናፈቃችሁ ካርቶኑ ላይ አድርጉት፤ ካርቶኑን ሽቶ አይወርድበትም።

ሁለተኛው ስህተቴ ፎይል ነበር፣ ተጭኖ የሚታተም ስስ አብረቅራቂ ልባጥ። ወርቃማ ፎይል በሙቀት ሲታተም ትንሽ ይሰፋል። የላቲን ፊደል ይህን ይችላል፣ የእኛ ፊደል ግን ሆዱ ጠባብ ነው። ጠ እና ጨ በትንሽ መጠን ሲታተሙ ውስጣቸው ተደፍኖ ወርቃማ ጉብታ ይሆናሉ። ለፎይል የፊደሉን መጠን ከ10 ነጥብ (ፖይንት) በታች አታውርዱ፣ ቀጭንና ወፍራም የሚፈራረቅበትን ፎንትም ተዉት። ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት ጽሑፉን ወደ ቅርጽ (አውትላይን) ቀይሩት፤ ያለዚያ ማተሚያው ፎንቱ ከሌለው በፊደላችሁ ፋንታ ባዶ አራት ማዕዘን ታገኛላችሁ።

ሽቶው በየትኛው ዙር እንደተሠራ ስለሚለየው ቁጥር «የምርት ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ ካለ ይበቃል» ያሉኝ አሉ። አይበቃም። ካርቶኑ ሽቶው በተገዛበት ቀን ይጣላል፤ ቅሬታ ሲመጣ በሰውየው እጅ ያለው ጠርሙሱ ብቻ ነው። ቁጥሩን በጠርሙሱ ቂጥ ላይም ለጥፉ።

ካርቶኑ ላይ ጀበና፣ የላሊበላ መስቀልና የጥበብ ጥለት አንድ ላይ መደርደር ልዩ አያደርግም፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ሁሉ እንደዚያው ነው። እኔ ውጭውን ባዶ ትቼ ውስጡን በአንድ ቀለም አሳተምኩ፣ ከጠርሙሱ ጎንም ያንኑ ሽቶ የያዘ ባለ 2 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ አስቀመጥኩ። ሰው ብልቃጡን ሞክሮ ካልወደደው ዋናውን ሳይከፍት ይመልሳል። የተከፈተ ሽቶ መልሶ አይሸጥም፣ ስለዚህ ብልቃጧ ወጪዋን ትመልሳለች።

የካርቶኑ ወረቀት በካሬ ሜትር 350 ግራም የሚመዝን ይሁን። ጥቁር ቀለም ከመረጣችሁ እጥፋቱ ሳይታጠፍ በፊት በማሽን መጫን አለበት፣ አለዚያ መታጠፊያው ላይ ቀለሙ ተሰንጥቆ ነጭ መስመር ይወጣል። ልኩን የምትወስዱት ፓምፑ ከታሰረ፣ ክዳኑ ከተደፋ፣ ስቲከሩም ከተለጠፈ በኋላ ነው፤ በየጎኑ 1 ሚሊ ሜትር ጨምሩ። ትክክል ከሆነ ካርቶኑን ከፍታችሁ ስትገለብጡት ጠርሙሱ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ይወርዳል። ዘሎ ከወደቀ ሰፍቷል፣ ጭራሽ ካልወረደ ደግሞ ገዢው በጣቱ ሲጎትት ክዳኑ ብቻ ተነቅሎ ይወጣል።