ቀይ ምልክት ያለው ብርጭቆ

ሰውዬው ከፌስታል ውስጥ የሻይ ብርጭቆ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ቂጡ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት ተደርጎበታል።

«ስሚ ሲስተር፣ ይሄን እናቃጥለው ወይስ እንቅበረው?»

የታካሚዬ አለቃ ነው። ቢሯቸው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። ልጁ ቲቢ እንዳለበት ደብቆ አያውቅም፤ ራሱ ነው ሄዶ የነገራቸው። መድኃኒት ከጀመረ ወር አልፎታል፣ ሳሉም ጠፍቷል፤ ሥራ መግባት ይችላል ብለን ጽፈንለታል። አለቅየው ግን ልጁን መስኮት የሌለው ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ብቻውን ሊያስቀምጠው አስቧል። ብርጭቆው የዚሁ ጥንቃቄ አካል መሆኑ ነው።

ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ አይወደድም። እኔ አንቱ ማለት የምጀምረው ስናደድ ነው።

«ጋሼ፣ ልጁ ከመታከሙ በፊት ይሠራበት የነበረው ክፍል መስኮቱ ይከፈታል?»

«የምን መስኮት? ኤሲ አለ እኮ! አቦ፣ በዚህ ሙቀት!»

«ስንት ሆነው ነው የሚሠሩት?»

«ስድስት።»

ልጁ እዚያ ክፍል ውስጥ ወራት ሲያስል ከርሟል። «አቧራ ነው» እየተባለ፣ ሽሮፕ እየጠጣ። ያን ጊዜ ማንም ምንም አልለየም። ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ይመርመር ብለን ጉሮሯችን እስኪደርቅ የምናወራው ለማን እንደሆነ እንጃ።

አስረዳሁት። ጀርሙ የሚተላለፈው በአየር ነው። የታመመው ሰው ሲያስል፣ ሲያወራም ጭምር፣ ዓይን የማያያቸው ጠብታዎች ይወጣሉ፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ። ግድግዳ ላይ የምትሰቀለው ኤሲ ያንኑ አየር እያቀዘቀዘች መልሳ ትነፋዋለች እንጂ ከውጭ አታመጣም። በብርጭቆ፣ በማንኪያ፣ በመጨባበጥ ቲቢ አይያዝም። መድኃኒቱን በደንብ የወሰደ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ አያስተላልፍም፤ ስድስት ወሩን መጨረስ ያለበት ራሱ እንዲድንና በሽታው መድኃኒት እንዳይለምድ ነው።

በጥሞና ሰማኝ። ራሱን ነቀነቀ።

«ገባኝ። እና ብርጭቆውን እናቃጥለው?»

ብርጭቆ እንዴት እንደሚቃጠል አልጠየቅኩትም። ተነስቼ በሳሙና አጠብኩት። ከፔርሙዜ ሻይ ቀዳሁበትና ፊቱ ተቀምጬ ጠጣሁ። ሰውዬው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ። የክፍሌ መስኮቶች በሁለቱም በኩል ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ ትኩሱ ነፋስ ካርዶቹን እንዳይወስድብኝ ስቴፕለር ጭኜባቸዋለሁ። እሱ መሐረቡን እያራገበ «ይሄን መስኮት ለምን አትዘጊውም?» አለኝ።

ሮበርት ኮህ ጀርሙን ለዓለም ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1902። ይህች ከተማ ሳትቆረቆር በፊት የታወቀ ነገር ነው እየተከራከርን ያለነው።

ከዚያ ቢሮው በሙሉ ለምርመራ ተጠራ። ከልጁ ፊት ለፊት የምትቀመጠው ጸሐፊ ተገኘባት። ይህን ስጽፍ ምስጢር ማውጣቴ አይደለም፤ ራሷ ለሁሉም ተናግራለች፣ ጻፊውም ብላኛለች። እሷ የቢሮ ሻይ ቀምሳ አታውቅም። የላስቲክ ውሃዋን ከቤቷ ይዛ ነው የምትመጣው። መድኃኒቱን ስሰጣት ሽንቷ ብርቱካንማ ሲሆን እንዳትደነግጥ ነገርኳት፤ «እኔ የሚያስደነግጠኝ አለቃዬ ነው» አለችኝ።

አለቅየው ነፃ ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ ብቻውን፣ በረንዳ ያለው ቢሮ ውስጥ ነው የሚውለው። ውጤቱን ሲሰማ ፊቱ በራ።

«አላልኩሽም ሲስተር? እኔ ድሮም ብርጭቆዬን ለይቼ ነው የምጠጣ! አሁን ለሁሉም የየራሳቸውን ገዝቻለሁ፤ ስማቸው ተጽፎበታል።»

«መስኮቱስ፣ ጋሼ?»

«እሱ ቁልፉ ጠፍቷል። ግን አታስቢ፣ ኤሲውን አሠርተነዋል። አሁን በረዶ ነው የሚያደርገው!»