ግራፍ ሳይ የዋልኩበት ቀን

ዛሬ ለአምስት ደቂቃ ብዬ የከፈትኩት የዓለም ቡና ዋጋ ግራፍ ከሰዓቴን ሙሉ በላው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ ያፈዘዘኝ ከ1989 በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ከ1962 የዓለም ቡና ስምምነት ወዲህ አምራችና ገዢ አገሮች፣ አልፎ አልፎ ቢቋረጥም፣ በኮታ፣ ማለትም አገሮች የሚልኩትን መጠን በመገደብ፣ ዋጋውን ደግፈው ይዘውት ነበር። በ1989 ኮታው ፈረሰ። ከዚያ ቬትናም መጣች። በአስር ዓመት ገደማ ከብራዚል ቀጥላ ሁለተኛ አምራች ሆና ቁጭ! በ2001 ኒውዮርክ ገበያ ላይ አረቢካ የሚባለው የቡና ዓይነት ዋጋ በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ለብዙ ገበሬ የለቃሚ ወጪ እንኳ የማይሸፍን ዋጋ ነው።

ቆይቶ ደግሞ ግልባጩ። በየካቲት 2025 አንዱ ፓውንድ ከ4 ዶላር አለፈ። ብራዚልን ድርቅ መትቷት፣ አቅርቦቱ ሳስቶ ነበር። እኔ የዋህ፣ "በቃ፣ ሻጭ ሁሉ ከበረ" ብዬ ነበር። ለካ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ቡናውን ቀድሞ የሸጠ ገበሬ ጭማሪውን ከዳር ሆኖ ያያል። መጋዘኑ ሙሉ የሆነ ላኪም ሊቸገር ይችላል። ዋጋ ቢወርድ እንዳይከስር ብሎ በወደፊት ገበያ (ወደፊት ለሚረከብ ቡና ዛሬ ዋጋ በሚቆረጥበት ገበያ) አስቀድሞ የሽያጭ ውል ገብቶ ከሆነ፣ ዋጋው በናረ ቁጥር ውሉ ኪሳራ ስለሚያሳይ "ተጨማሪ መያዣ አምጣ" ይባላል። ያውም በጥሬ ገንዘብ፣ መጋዘን ያለው ቡና ገና ሳይሸጥ! ይሄን ለመረዳት ሦስቴ ማንበብ ነበረብኝ።

የቡና ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። ግራፉ እኔ አፍጥጬበት እያለሁ እንኳ ወጣ ወረደ።

ስዘጋው አጠገቤ ያለው ቡና በረዶ ሆኗል። ጠጣሁት።